የተወጠረ ቆዳ

የቆዳ ብስክሌት ኮርቻን ማወቅ የፈለገ ገልብጦ ይየው። የላይኛው ፊቱ አዲስ ሳለ ያብለጨልጫል፤ ከዚያ አልፎ ብዙ አይናገርም። ከታች ግን የተሸፈነ ነገር የለም። ስፖንጅ የለም፣ ፕላስቲክ የለም፣ ገበር የለም። አንድ ወፍራም ቆዳ፣ ሁለት የብረት ዘንግ፣ ከኋላ ጎበጥ ያለ ብረት፣ ከፊት ትንሽ የብረት ቆብ፣ ጥቂት ሪቬትና አንድ ቡሎን አለ። በቆዳውና በዘንጎቹ መሐል ያለው አየር ብቻ ነው።

እጄ ላይ ያለው ብሩክስ ቢ17 ነው። ርዝመቱ 275 ሚሊሜትር ገደማ፣ ሰፊው የኋላ ክፍል 175 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ እምብዛም አይርቅም። ቆዳው አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ተኩል አካባቢ ነው። በጥፍር ሲመታ ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት አዲሱ ምንም አይል፤ ሁለት ዓመት የተነዳው ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ይመለሳል።

ቆዳው ከኋላ በጎባጣው ብረት፣ ከፊት በቆቡ ላይ በሪቬት ተመትቷል። በሁለቱ መሐል ተወጥሮ ይኖራል። ጠፍር አልጋ ላይ የተኛ ሰው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ሸክሙን የሚችለው የቆዳው ውጥረት ነው፣ ከሥር የሚደግፈው ነገር የለም። ጠፍር ግን ያልለፋ ቆዳ ነው፤ የኮርቻው ቆዳ የለፋ ነው። የእንክብካቤው ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

ጥሬ ቆዳ በአብዛኛው ውሃና ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ክር ነው። እንዲሁ ከደረቀ ክሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ድርቅ ይላሉ፤ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ይበሰብሳል። ከዛፍ ልጣጭ፣ ከቅጠልና ከፍሬ የሚገኘው ታኒን በክሮቹ መሐል ገብቶ ከኮላጅኑ ጋር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ቆዳው ቢደርቅም ክሮቹ አይጣበቁም፤ ቢረጥብም ቶሎ አይበሰብስም። በዕፀዋት ማልፋት ለአገራችን ቆዳ ፋቂዎች እንግዳ ሥራ አይደለም። ዛሬ ግን አብዛኛው የጫማ ፊት የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። ክሮም ፈጣን ነው፤ የሚያወጣውም ቆዳ ልስልስና ተለጣጭ ነው። ለጫማ ጥሩ የሆነው ይህ ጠባይ ለኮርቻ አይሆንም፤ በክሮም የለፋ ቆዳ ቢወጥሩት ይሰጣል፣ ቅርጽ ቢሰጡት ይረሳል። በታኒን የለፋ ወፍራም ቆዳ ሲረጥብ በቅርጽ ማውጫው ላይ ይጎብጣል፤ ሲደርቅ እንደጎበጠ ይቀራል።

የቆዳው ምርጫም የራሱ ሥርዓት አለው። የኢትዮጵያ ቆዳ ስም ያተረፈው በሌላው ጫፍ ነው። የደጋ በጎቻችን ሌጦ ቀጭንም ጠንካራም ስለሆነ ለጓንት ይፈለጋል፤ የባቲ ፍየል ሌጦም በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ኮርቻ የሚፈልገው የትልቅ ከብት ቆዳ ነው፤ ያውም ከጀርባና ከዳሌ በኩል የተቆረጠውን። እዚያ ክሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የሆድ በኩሉ ክር ልል በመሆኑ ከተወጠረ ይረግባል፤ በጎንና ጎን ከሚወርዱት ክንፎቹ አንዱ ከጀርባ፣ ሌላው ወደ ሆድ ከቀረበ ቦታ የተቆረጠ ኮርቻ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ወደ አንድ ወገን ይዘማል።

ይህ ዕቃ የመጣው ከፈረስ ዕቃ ሠሪዎች ቤት ነው። ጆን ቦልትቢ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1866 20 ፓውንድ ይዞ ወደ በርሚንግሃም መጣና የፈረስ ዕቃና የቆዳ ሥራ ጀመረ። በ1878 ፈረሱ ሞተበት፤ በምትኩ ብስክሌት ተውሶ መንዳት ጀመረ። መቀመጫው አልተመቸውም። በ1882 ለኮርቻ የመጀመሪያውን ፓተንት አስመዘገበ። ቢ17 የተባለው ሞዴል ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ አለ። ኩባንያው በ2002 ሴሌ ሮያል ለሚባል የጣልያን ድርጅት ቢሸጥም የቆዳ ኮርቻዎቹ አሁንም የሚሠሩት በርሚንግሃም አጠገብ ባለችው ስሜዝዊክ ነው። ቆዳው በብረት መቁረጫ ይቆረጣል፣ በውሃ ይነከራል፣ በቅርጽ ማውጫ ላይ ይጫናል፣ ይደርቃል፣ ትርፍ ጠርዙ ይከረከማል፣ ስሙ ይታተምበታል፣ በመጨረሻም ከብረቱ ጋር በሪቬት ይገናኛል።

ሪቬቶቹ ጋ ትንሽ መቆየት ይገባል። በተራው ሞዴል ላይ ያሉት ውስጣቸው ክፍት የሆነ ትንንሽ የብረት ሪቬቶች ናቸው። ስፔሻል በሚባለው ሞዴል ላይ ትልልቅ የመዳብ ሪቬቶች አሉ፤ ራሳቸው በእጅ፣ በመዶሻ ይመታል። ጎንበስ ብሎ በብርሃን ላየው ሰው የመዶሻው ጠፍጣፋ ምቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ የአንዱ ሪቬት ራስ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። መዳብ የተመረጠው ለመልኩ ብቻ አይመስለኝም። ለስላሳ ስለሆነ በመዶሻ ሥር ይተኛል፣ ከቆዳው ጋር እኩል ይሆናል። ሰፊው ራስ ውጥረቱን በሰፊ ቦታ ላይ ያከፋፍላል። ከፍ ያለ ጠርዝ ስለሌለውም ሱሪ አይዝም። በዚህ ሞዴል የቆዳው የታችኛው ጠርዝም በቢላ በሰያፍ የተላገ ነው፤ ጭን በሚነካበት ቦታ ሹል ማዕዘን የለም። ጣት በጠርዙ ላይ ሲሄድ ቢላው የት እንደጀመረና የት እንዳቆመ ያውቃል።

ፈረንሳዊው ዢል ቤርቱ በዚሁ አሠራር ላይ ሌላ መልስ ሰጥቷል። በእሱ ኮርቻዎች ላይ ሪቬቱ በሚፈታ ቡሎን ተተክቷል። ቆዳው ሲያረጅ ባለቤቱ ራሱ በመፍቻ ፈትቶ አዲስ ቆዳ ይገጥማል። ከጥገና አንጻር የተሻለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የመዳቡን ሪቬት ግን ደጋግሜ አያለሁ።

አሁን ወደ ቅባቱ። ብሩክስ ለኮርቻዎቹ ፕሩፋይድ የሚባል ቅባት በትንሽ ቆርቆሮ ይሸጣል። ውስጡ ሞራ፣ የኮድ አሣ ዘይት፣ የአትክልት ዘይት፣ ፓራፊን፣ የንብ ሰምና ሲትሮኔላ አለ። ሞራውና ዘይቶቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በክሮቹ መሐል ሆነው ቆዳው ሲታጠፍ ክር ከክር ጋር እንዳይፋተግ ያደርጋሉ። ሰሞቹ ላይ ላዩን ይቀራሉ፤ ውሃ ይመልሳሉ፣ ሲወለወሉ ያበራሉ። ሲትሮኔላው ሽታውን ይሰጣል፤ የሚወጣው የጠጅ ሣር ዘመድ ከሆነ ሣር ነው፣ ቆርቆሮው ሲከፈት ይታወቃል።

በዚህ ቅባት ላይ ትልቁ ብልኃት ጠጣርነቱ ነው። በክፍል ሙቀት አይፈስም። በጣት የተወሰደው ያህል ብቻ፣ የጣት ሙቀት ያለሰለሰው ያህል ብቻ፣ በዝግታ ይገባል። ቆዳው ከሚያስፈልገው በላይ ሳይጠጣ ትርፉ ላዩ ላይ ይቀራል፤ በጨርቅ ይነሳል። ፈሳሽ ዘይት ይህ ገደብ የለውም። ካፈሰሱት ያህል ይገባል፣ ገብቶም አይወጣም።

ተበላሽተው ካየኋቸው ኮርቻዎች አብዛኞቹ ዘይት የጠጡ ናቸው። ባለቤቱ አዲሱ ኮርቻ ደርቆበት ቶሎ እንዲለሰልስ ይፈልጋል። ከከብት እግር አጥንት የሚወጣውን ዘይት ገዝቶ ይቀባል፤ ያንን ያላገኘ የምግብ ዘይት ወይም ቅቤ ይቀባል። አንዳንዱም ቆዳውን ዘይት ውስጥ ይነክራል። ለሳምንት ያህል ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ክሮቹ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ይጀምራሉ፤ መሐሉ ይረግባል፣ ክንፎቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ተቀማጩ ከዘንጎቹ ጋር ይገናኛል። ቅቤ ሲሆን ደግሞ ሽታው ይጨመራል። ቆዳው ጠንካራ የሆነው ሸክም እንዲችል ነው። ጥንካሬውን የሚወስድበት ቅባት፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ኮርቻውን ይገድለዋል።

ስለዚህ አሠራሩ ቆጠብ ያለ ነው። ኮርቻው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በሪቬቶቹ ዙሪያና በታተመው ስም ጎድጓዶች ውስጥ ያለው አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይወጣል። አቧራ ላይ የተቀባ ቅባት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቆዳውን ይፍቃል። ክፍሉ ሞቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ቆዳው ግን ፀሐይ ላይ አይሞቅም። ጨርቁ በሁለት ጣት ላይ ተጠምጥሞ ይወጠራል። ሊስትሮዎች እንደሚይዙት መያዝ ነው፤ እጥፋት የሌለው ጨርቅ ቅባቱን እኩል ያከፋፍላል። የአተር ፍሬ የሚያህል ቅባት ለላይኛው ፊት በሙሉ ይበቃል። በትንንሽ ክቦች፣ ከኋላ ወደ ፊት ይቀባል። የሊስትሮ ቀለም ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ማቅለሚያው ላብ ሲነካው ወደ ሱሪ ያልፋል።

ጠርዙ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ቆዳው የተቆረጠው እዚያ ስለሆነ የክሮቹ አፍ ክፍት ነው፤ ውሃም ቅባትም ቶሎ የሚጠጣው እሱ ነው። የታችኛው ፊት፣ ሥጋ የነበረበት፣ ከላይኛው ይልቅ ሻካራና ጠጪ ነው። ኮርቻው አዲስ ሳለ አንድ ጊዜ ከታችም በደንብ ይቀባል። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ ፓራፋንጎ ካለው የታችኛውን ፊት መተው ይቻላል። ፓራፋንጎ ከሌለው የኋላው ጎማ የሚረጨው ጭቃና ውሃ በቀጥታ የሚመታው ያንን ፊት ነው፤ ስለዚህ እሱም በየጊዜው ስስ ቅባት ይገባዋል።

ቅባቱ ሌሊቱን ያድራል። በማግሥቱ በንጹሕ ጨርቅ እስኪያበራ ይወለወላል። የማር ቀለም የሚባለው ቆዳ ከእያንዳንዱ ቅባት በኋላ ይጠቁራል፤ ከዓመታት በኋላ ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል። ያንን ለውጥ የማይወድ ሰው ከመጀመሪያው ጥቁሩን ይግዛ።

መቼ ይቀባ ለሚለው ቀን ከመቁጠር ይልቅ ቆዳውን መጠየቅ ይሻላል። አንድ ጠብታ ውሃ በጣት ላዩ ላይ ይደረጋል። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ገና ነው። ቶሎ ተዘርግቶ ቆዳውን ካጠቆረው ጊዜው ደርሷል። አዲሱ ኮርቻ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ የተገራው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። በበጋ፣ አየሩ ደርቆ ፀሐዩ ሲበረታ፣ በተለይ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ፣ ውጭ የሚውል ኮርቻ ቶሎ ይደርቃል።

አንዳንዴ ተቀምጦ የቆየ ኮርቻ ላይ ነጭ ነገር ይወጣል። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ከቅባቱ ውስጥ ያለው ጠጣር ስብ ወደ ላይ ወጥቶ ሲረጋ ስስ ነጭ ዱቄት መስሎ ይታያል፤ መዳፍ ለጥቂት ጊዜ ቢያርፍበት ይቀልጥና ይጠፋል። ይህ ጉዳት የለውም። ሻጋታ ከሆነ ግን በሙቀት አይቀልጥም፣ ሽታ አለው፣ ነጠብጣቡም ክብ ክብ ነው። እሱ ከቤት ውጭ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ኮርቻውም ነፋስ ወደሚገባበት ቦታ ይዛወራል። በክረምት ፌስታል አልብሶ ማስቀመጥ የሚያመጣው ይህንን ነው። ፌስታል ለዝናብ ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ግን ይውለቅ።

ኮርቻው ከረጠበ ቆዳው ፋብሪካ ውስጥ ወደነበረበት ሁኔታ ይመለሳል፤ ቅርጽ ተቀባይ ይሆናል። በዚያ ሰዓት የተቀመጠበት ሰው በአንድ ጉዞ የወር ያህል ያረግበዋል። እርጥብ ኮርቻ አይነዳም፤ መነዳቱ ግድ ከሆነ እንኳ አጭር ይሁን። የሚደርቀው በጥላ፣ በዝግታ፣ በክፍል ሙቀት ነው። በዕፀዋት የለፋ እርጥብ ቆዳ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ክሮቹ ይኮማተራሉ፤ ያ ጉዳት አይመለስም። ከዚያ በታችም ቢሆን እሳት ዳር ወይም ማሞቂያ ላይ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። ከደረቀ በኋላ ስስ ቅባት ይቀባል፤ ውሃው ሲወጣ ከስቡ ጥቂት ይዞ ሄዷልና።

መግራቱ የሰውየው ሥራ ነው። ዋናው የሰውነት ክብደት የሚያርፈው በሁለት የዳሌ አጥንቶች ላይ ነው፤ በአብዛኛው አዋቂ ሰው ላይ በሁለቱ መሐል ያለው ርቀት ከ100 እስከ 140 ሚሊሜትር ነው። በእነዚያ ሁለት ነጥቦች ሥር፣ በክብደት፣ በሰውነት ሙቀትና በላብ እርጥበት፣ ቆዳው ቀስ በቀስ ይጎደጉዳል። ብዙ መቶ ኪሎሜትር ይፈጃል። የተገራ ኮርቻ በጎን ብርሃን ሲታይ ሁለቱ ጉድጓዶች በግልጽ ይወጣሉ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይጠልቃል። የፊተኛው ጠባብ ክፍል ጎንና ጎን በጭን ተወልውሎ ከቀረው ይልቅ ያበራል። ይህን ሥራ ዘይት ሊሠራው አይችልም። ዘይት ቆዳውን በሙሉ ያላላል፤ ክብደት የሚያጎደጉደው ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ የቀረው ጠንክሮ ይዞት ይቆያል። የፊቱ ጫፍ ከአግድም በጥቂቱ ቀና ቢል ተቀማጩ ወደ ፊት ሳይንሸራተት ጉድጓዶቹ ላይ ይቀመጣል።

ከፊት ያለው ቡሎን በዚህ ዕቃ ላይ ብዙ የሚፈተነው ክፍል ነው። ሲጠብቅ የፊቱን ቆብ ከዘንጎቹ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ቆዳው ይወጠራል። ቡሎኑ ስላለ ማጥበቅ የሚወድ ሰው አለ። ቆዳው ሳይረግብ መጥበቁ ጉዳት ነው፤ ውጥረቱ በሙሉ የሚሄደው ወደ ፊተኞቹ ሪቬቶች ነው። ምልክቱ የሪቬቱ ቀዳዳ ነው። ክብ የነበረው ወደ ኋላ ሞላላ ሆኖ ከታየ፣ ወይም ከቀዳዳው ቀጭን ስንጥቅ ከጀመረ፣ ኮርቻው ከልክ በላይ ተወጥሯል። ያገለገለ ኮርቻ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው እነዚህን ቀዳዳዎች ይሁን። ማጥበቅ የሚያስፈልገው ተቀማጩ መሐሉ ሲሰጥ ሲሰማው ነው፤ ያኔም ሩብ ዙር፣ ቢበዛ ግማሽ ዙር። ከዚያ ለሳምንታት ተነድቶ ይታያል።

ቡሎኑ ብዙ ክሩን ጨርሶ ቆዳው አሁንም ከረገበ፣ ክንፎቹም ሲቀመጡበት ወደ ውጭ ከተከፈቱ፣ ማሰር ይቀራል። በሁለቱ ክንፎች የታችኛው ጠርዝ ትይዩ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ ከጠርዙ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ገባ ብለው። መብሻው ክብ ይሁን። በቢላ የተሰነጠቀ ቀዳዳ ጫፉ ላይ መቀደዱን ይቀጥላል፤ ክብ ቀዳዳ ግን ጫፍ የለውም። ኢምፔሪያል የተባለው የብሩክስ ሞዴል እነዚህን ቀዳዳዎች ከፋብሪካው ይዞ ይመጣ ነበር። የጫማ ማሰሪያ ከሥር፣ ከክንፍ ወደ ክንፍ፣ በመስቀለኛ ይሳባል። መጠኑ የሚታወቀው ሰው ሲቀመጥበት ነው፤ ክንፎቹ መከፈት ሲያቆሙ ይበቃል፣ ወደ ውስጥ እስኪገቡ አይሳብም። ክንፎቹ ሲጠጉ መሐሉ ይነሳል፤ ተቀማጩም ከፍ ይላል። ቆዳው እየረገበ ሲሄድ ለማካካስ መቀመጫውን ከፍ ሲያደርግ የኖረ ሰው፣ ከማሰር በኋላ ያንኑ ያህል ሚሊሜትር መልሶ ዝቅ ያድርገው።